ገመዱ ሳይወጠር፤ ውሻን ከጎን በጸጥታ ስለ ማስሄድ

ከቤት እንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ከሰው ጋር የተወዳጀው ውሻ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። በግና ፍየል፣ ላምና ግመል ገና የዱር አራዊት በነበሩበት ዘመን፣ ከ14,000 ዓመት በፊት፣ ውሻ ከሰው ጋር በአንድ መቃብር ተቀብሮ በጀርመን አገር ኦበርካሰል በተባለ ስፍራ ተገኝቷል። ይህን ያህል ዘመን አብሮን የኖረው እንስሳ ግን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የተነፈገ ነው። በሬ ቀንበር ይለምዳል፤ በቅሎ ልጓም ትለምዳለች፤ ግመል ልባብ ይለምዳል። ውሻ ግን ወይ ቀኑን ሙሉ በደጅ ይታሰራል፣ ወይ ያለ ገመድ ይለቀቃል። በገመድ ተይዞ ከጌታው ጎን በጸጥታ መሄድን የሚማረው ጥቂት ነው።

ይህን ትምህርት የከተማ ሰው ቅንጦት አድርጎ የሚቆጥር አይጠፋም፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የሐርጌሳን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በዚያች ከተማ ፍየሎች ከሰው ጋር እየተጋፉ በገበያ መካከል ይመላለሳሉ፤ አህዮች የውሃ በርሜል የተጫነበትን ጋሪ ይጎትታሉ፤ ወደ ከብት ገበያ የሚነዱ በጎችና ግመሎች ከመኪና ጋር መንገድ ይሻማሉ። የአገሩ ዋነኛ ሀብት ከብት ነው። ከበርበራ ወደብ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ የሚጫነው በግ፣ ፍየልና ግመል የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ነው። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ገመዱን እየጎተተ ወደ ፍየል የሚወረወር ውሻ ለባለቤቱ ዕዳ፣ ለጎረቤቱም ሥጋት ይሆናል።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። የሶማሌ ሕዝብ በእስልምና ሃይማኖት የሻፊዒን መዝሀብ የሚከተል ነው። በዚህ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን ጊዜ በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ወደ መስጊድ የሚሄድን ሰው ልብስ ውሻ በአፉ ቢነካው፣ ሰውየው ከመንገዱ ተመልሶ ልብሱን ለማጠብ ይገደዳል። ስለዚህም በሐርጌሳ ውሻን በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም ይኸው ሥርዓት ለአደን፣ ለመንጋና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝን ይፈቅዳል፤ የተማረውንም ካልተማረው ይለያል። በቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ አራተኛው አንቀጽ፣ የተማረ እንስሳ አድኖ የያዘውን መብላት ተፈቅዷል። የሕግ ሊቃውንትም የተማረ ውሻ የሚባለው ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ የያዘውንም ራሱ የማይበላ ነው ሲሉ ወስነዋል። እንግዲህ ውሻን ማስተማር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አሳብ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻግረው በሐርጌሳ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም፣ የግቢ ጠባቂ ውሻ ቢኖራቸው፣ ይህን የጎረቤታቸውን ሥርዓት አውቀው ውሻቸውን በአጭር ገመድ መያዝ ይገባቸዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ከመቶ 99ኙ በውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን የታወቀ ነው። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶ 70ው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። በዚህም መሠረት የዓለም የጤናና የእንስሳት ጤና ድርጅቶች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ በውሻ ምክንያት የሚመጣውን የሰው ሞት ለማስቀረት በ2015 ተስማምተዋል።

መድኃኒቱ በብልቃጥ፣ ሐኪሙም በስፍራው ቢገኙ፣ ውሻው ካልመጣ ሥራው አይፈጸምም። ክትባት በሚሰጥበት ቀን ገመድ ያልለመደ ውሻ እየተጎተተና እየጮኸ ይመጣል፤ የያዘውን ሰው ይነክሳል፤ ሌሎቹን ውሾች ያስደነግጣል፤ ወይም ገመዱን በጥሶ ያመልጣል። ብዙ ባለ ውሾችም ይህን ችግር አስበው ውሻቸውን ከቤት ሳያወጡ ይቀራሉ። ስለዚህ በገመድ በጸጥታ መሄድ ለክትባት የሚያደርስ በር ነው።

ይህ ነገር ከሰውና ከከብት አልፎ የዱር አራዊትንም ይነካል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ከመንደር ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ በ2003 ዓመትም እንደገና ተነሥቶ ነበር። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ አዋቂዎቹ ብቻ ቢቆጠሩ፣ ቁጥሩ ከ500 ያነሰ ነው። በመሆኑም የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባሌ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ውሻ ይከትባሉ። እዚያም ሆነ በሐርጌሳ፣ የሠራተኛው ድካም የሚቀልለው ባለቤቱ ውሻውን ይዞ ማቆም ሲችል ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ እንመልከት። ለሶማሌ ከብት አርቢ የነገሩ ሥር እንግዳ አይሆንበትም። በዚያ አገር ቤተ ሰብ ወደ አዲስ ግጦሽ ሲሰደድ፣ አቃል የተባለውን ቤት ነቅለው እንጨቱንና ምንጣፉን አውር በሚባለው የጭነት ግመል ላይ ይጭናሉ፤ ግመሎቹንም እየመሩ የሚሄዱት በልማድ ሴቶች ናቸው። ያን ታላቅ እንስሳ አንዲት ሴት በቀጭን ገመድ ይዛ ስትሄድ ያየ ሰው፣ ገመዱ እንዳልተወጠረ ያስተውላል። በጉልበትማ ቢሆን ግመሉ ያሸንፋት ነበር። የሚመራው ገመዱ ሳይሆን ልማዱ ነው። ሶማሌዎች ይህን የመሪያ ገመድ ሆጋን ይሉታል፤ የሕዝብን መሪ ሆጋሚዬ የሚሉትም ከዚሁ ቃል አውጥተው ነው። ውሻንም የሚመራ ሰው ይህንኑ አብነት ቢከተል ይበጀዋል።

ውሻ ገመድ የሚጎትተው ስለ ክፋት አይደለም። የውሻ እርምጃ ከሰው እርምጃ የፈጠነ ነው፤ አፍንጫውም በየማዕዘኑ ይጠራዋል። ገመዱን ሲጎትት ሰውየው ከተከተለው፣ መጎተት ወደ ፈለገበት እንደሚያደርሰው ይማራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን እየዘጋ ባደረገው ምርመራ፣ እንስሳ መልካም ፍሬ ያገኘበትን ሥራ እንደሚደጋግም፣ ፍሬ ያላገኘበትን ደግሞ እንደሚተው አስረድቷል። የትምህርታችንም ሕግ ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ገመዱ ሲወጠር መቆም፣ ገመዱ ሲላላ መሄድ ነው።

አስቀድሞ ዕቃው ይዘጋጅ። የአንገቱ ማሰሪያ ሰፋ ያለ፣ ከለስላሳ ቆዳ ወይም ከድርብ ጨርቅ የተሠራ ይሁን፤ ከታሰረ በኋላም ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። አጥብቆ ለሚጎትት ውሻ በደረቱ ዙሪያ የሚታሰር ጠፍር ከአንገት ማሰሪያ ይሻላል፤ በአንገት ላይ የሚወድቀው ኃይል ጉሮሮውን ይጎዳዋልና። ሽቦና ሲሳብ የሚያንቅ ሸምቀቆ ፈጽሞ አይገባም። መሪያው ገመድ አራት ክንድ፣ ማለት ሁለት ሜትር ያህል፣ ቢሆን ይበቃል።

ጉርሻውም ይታሰብበት። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የሚያስተምረው ሰው ራሱ ቢመግበው መልካም ነው። ትምህርቱ ውሻው ከመብላቱ በፊት ይሁን፤ ጉርሻውም ከጣት ጥፍር ያልበለጠ የተቀቀለ ሥጋ፣ ወይም ላሖሕ ከሚባለው የሶማሌ እንጀራ የተቆረሰ ትንሽ ቁራሽ ይሁን። ከማረጃ የተገኘ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት ክልክል ነው። በእነዚህ ውስጥ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻ ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቁላል ከውሻው ኩስ ተመልሶ በግን፣ ግመልንና ሰውን ያሳምማል።

የመጀመሪያው ትምህርት በግቢ ውስጥ ነው። ቡችላ ከሆነ ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ማሰሪያውን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ እየታሰረ ይልመድ። ቀጥሎም ገመዱ ከአንገቱ ታስሮ፣ ሰው ሳይይዘው፣ መሬት እየተጎተተ ምግቡን ይብላ። ገመድን የሚፈራ ያደገ ውሻም በዚሁ መንገድ ፍርሃቱን ይተዋል። ያረጀ ውሻ አይማርም ማለት ስሕተት ነው፤ የሚለየው የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንድ ጎን ይመረጥ። ግራ ጎን የተመረጠ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ግራ ይሁን። ሰውየው ቆሞ ጉርሻውን በግራ እግሩ ጎን፣ በውሻው አፍ ቁመት፣ ይስጠው፤ የውሻው ራስ እንዲሆንበት ከምንፈልገው ስፍራ ርቆ ወይም ከፊት ለፊት አይስጥ። ውሻው ያን ስፍራ የምግብ ስፍራ አድርጎ ሲያውቀው፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ ጉርሻ፣ ሁለት ተራምዶ ጉርሻ ይስጠው። ውሻው ቀድሞ ገመዱ ሲወጠር ሰውየው ባለበት ቀጥ ብሎ ይቁም። አይጎትት፣ አይቆጣ፣ አይናገርም። ውሻው ዘወር ብሎ ሲያየው ወይም አንድ እርምጃ ተመልሶ ገመዱን ሲያላላው፣ ወዲያው ያመስግነውና ጉዞውን ይቀጥል። ቆሞ መጠበቅ ያልበቃው እንደ ሆነ፣ ሰውየው በጸጥታ ዞሮ ወደ መጣበት ይሂድ፤ ውሻውም ተከትሎ ከጎኑ ሲደርስ ጉርሻውን ይቀበላል።

በመጀመሪያው ቀን ከግቢው በር እስከ ጎረቤት በር ለመድረስ ብዙ ጊዜ መቆም ያስፈልግ ይሆናል። ይህ ተስፋ አያስቆርጥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ በቀንም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚህ የበለጠ ውሻውን ያሰለቸዋል። እየለመደ ሲሄድ ጉርሻው በየአምስቱ፣ ኋላም በየሃያው እርምጃ ይሁን፤ በመጨረሻም በምስጋና ቃል ሊተካ ይችላል። መልካም ከሄደ በኋላ፣ በአንድ በታወቀ ቃል፣ እንዲያሸትና እንዲዞር ይፈቀድለት። ይህም ራሱ ዋጋ ነው።

ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ውሻው አይገደውም። በሶማሊኛ ለመጥራት ካላይ፣ ለማስቆም ጆግሶ ይባላል፤ በአማርኛ ና፣ ቁም ማለት ይቻላል። የሚያስፈልገው የቤቱ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃልና በአንድ ሥርዓት መተባበራቸው ነው። አባት ገመዱ ሲወጠር ቆሞ፣ ልጅ ግን ሲጎተት የሚከተለው ከሆነ፣ ውሻው መጎተት አንዳንድ ጊዜ እንደሚጠቅም ይማራል፤ አንዳንድ ጊዜ የሚሳካ ልማድ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመንቀል አስቸጋሪ ነው። ውሻው እስኪማር ድረስ ገመዱን አንድ አዋቂ ሰው ብቻ ቢይዝ ይመረጣል።

በግቢው ከለመደ በኋላ ወደ ውጭ ይውጣ። በሐርጌሳ ለዚህ የሚመቸው በማለዳ ነው፤ ፀሐይም አልከረረም፤ መንገዱም አልታወከም። ከተማዋን የሚያቋርጠው የማሮዲ ጄሕ ወንዝ ዝናብ በሌለበት ወራት አሸዋ ብቻ ስለሚሆን፣ ሰፊና ጸጥ ያለ የመለማመጃ ስፍራ ይሆናል። ዝናብ በሚዘንብበት ወራት ግን ጎርፉ ድንገተኛ ነውና ወደዚያ መውረድ አይገባም።

ከዚያ ቀጥሎ ፈተናው ይመጣል፤ እርሱም ፍየል ነው። ውሻውን ወዲያው ወደ ፍየሎች መካከል ማስገባት ላልተማረ ልጅ ፈተና እንደ መስጠት ይቆጠራል። ፍየሎቹን አይቶ ጉርሻውን ሊቀበል ከሚችልበት ርቀት፣ ለምሳሌ ከሃምሳ እርምጃ፣ ይጀመር። ፍየሎቹን ባየ ቁጥር ጉርሻ ይሰጠው፤ ዘወር ብሎ ጌታውን መመልከት ሲለምድ፣ ወደ አርባ፣ ወደ ሠላሳ እርምጃ ይቅረብ። ጉርሻውን ትቶ ቢወረወር ርቀቱ አንሷል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ለአህያ ጋሪ፣ ለመኪናና ለሚሮጡ ልጆችም እንደዚሁ ነው። በመንገድ ሲሄዱ ውሻው በግድግዳው በኩል፣ ሰውየው በመንገደኛው በኩል ይሁን፤ ያን ጊዜ የውሻው አፍ የማንንም ልብስ አይነካም።

ዱላ በዚህ ትምህርት ስፍራ የለውም። ፍየል ባየ ጊዜ የሚመታ ውሻ ሕመሙን ከፍየሉ ጋር ያገናኘዋል፤ በልጅ ፊት የሚመታም ልጅን ይጠላል። እንዲህ ያለው ውሻ ጅራቱን ወሽቆ ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ መውጫ ያጣ ቀን ይናከሳል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚታሰረውም ውሻ ይብስበታል እንጂ አይገራም።

ይህን የሚያነብ ከብት አርቢ፣ የእኔ ውሻ መንጋ ጠባቂ እንጂ የከተማ ውሻ አይደለም ይል ይሆናል። የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በናሚቢያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች የአናቶሊያ ዘር የሆኑ መንጋ ጠባቂ ውሾችን ሲያድል ቆይቷል። እነዚህ ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ከፍየልና ከበግ ጋር ያድጋሉ፤ አውሬውንም በመጮኽና በመቆም ስለሚያርቁት ገበሬው አቦ ሸማኔን ለመግደል አይገደድም። ይኸው ድርጅት በሶማሌላንድ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎችን ያሳድጋል። መንጋ ጠባቂ ውሻ በሥራው ላይ ሳለ በገመድ አይያዝም፤ ነገር ግን ለክትባት፣ ለሕክምና ወይም በገበያ መንገድ ለማሻገር ገመድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ እርሱም ቢሆን ይህን ትምህርት በቡችላነቱ ቢማር ይጠቅመዋል።

አንድ ጥንቃቄ መዘንጋት የለበትም። ቀድሞ ገር የነበረ ውሻ ያለ ምክንያት ቢቆጣ፣ ድምፁ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረከረክ ወይም መዋጥ ቢያቅተው፣ ይህ የትምህርት ጉድለት ሳይሆን የበሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በገመድ ልያዝህ ማለት አይገባም፤ ሰውና ከብት አርቆ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ውሻ ያለው ሰው ሁሉ እንግዲህ የክትባቱን ቀን ከእንስሳት ጤና ሠራተኛው አስቀድሞ ይጠይቅ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ ይችላል። ከቀኑ በፊት ባሉት ሳምንታት ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ደቂቃ ውሻውን ያስተምር፤ ሰው ሲዳስሰው ጆሮውንና እግሩን ማስያዝንም በጉርሻ ያለማምደው፤ አፉን የሚሸፍን የጨርቅ መለበሚያም ቢያስለምደው የተሻለ ነው። በተወሰነውም ቀን በተራው እስኪደርስ ድረስ ከሌሎቹ ውሾች ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ገመዱን አላልቶ ይጠብቅ። ሐኪሙ መርፌውን ሲያነሣ ውሻው ወደ ጌታው እጅ የሚመለከት ከሆነ ሥራው በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ተረኛውም ይቀርባል።